ጣልያን እንደገና መጣ፣ ያውም እስከ ሳሎናችን

በ77 ዓመቴ አዲስ አበባን 14 ጊዜ ለጣልያን አስረክቤያለሁ። የጣልያኑ ማርሻል ባዶሊዮ እንኳ የገባባት አንድ ጊዜ ነው። እኔ ግን በየቅዳሜው፣ ከቁርስ በኋላ፣ በገዛ እጄ በሩን እከፍትለታለሁ። ወገቤ ጎብጦ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ ቡናዬ ቀዝቅዞ። ልጄ "አባዬ፣ ካልሆነልዎ ለምን አይተዉትም?" ትለኛለች። አገር እንዴት ይተዋል?

ነገሩ የጀመረው ክረምት ላይ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ የልጅ ልጄ ላፕቶፑ ላይ ተጣብቆ ይውላል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ካርታ ካየሁ እግሬ ሳያስፈቅደኝ ይሄዳል። ከጀርባው ቆሜ ሳይ መላው ዓለም ተዘርግቷል፤ ከነወንዙ፣ ከነተራራው። "ይኼ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ጌም ነው አባባ። ሃርትስ ኦፍ አይረን 4 ይባላል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው።"

አንድ አገር ትመርጣለህ፤ ፋብሪካዋን፣ ሠራዊቷን፣ ዲፕሎማሲዋን አንተ ትይዛለህ፤ ከዚያ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ልጁ የያዘው ጀርመንን ነበር። ፓሪስን ከምሳ በፊት ወስዶ ለንደንን ለመክሰስ አዘጋጅቷታል። "የእኛስ አገር የለችበትም?" አልኩት። "አለች" አለኝና ሳቅ አለ። ያቺ ሳቅ ናት ለዚህ ሁሉ ያበቃችኝ።

ጌሙ የወጣው በፈረንጆች 2016 ነው። መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያ እንደ ሌሎቹ ትንንሽ አገሮች ለሁሉም የሚሆን አንድ ዓይነት ልብስ ነበር የለበሰችው። በልኳ የተሰፋላት ባይ ብለድ አሎን የተባለው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ ነው፤ ሴፕቴምበር 27 ቀን 2022። ወደ እኛ አቆጣጠር ብመልሰው መስከረም 17 ቀን 2015 ሆኖ አረፈው። መስቀል! ደመራው ነዶ አመዱ ሳይቀዘቅዝ ማለት ነው። ለልጁ ብነግረው "አጋጣሚ ነው" ብሎኝ እርፍ። የእነሱ ትውልድ የሚያምነው በአጋጣሚ ብቻ ነው።

በእኛ ጊዜ ጨዋታ የሚጀመረው እኩል ተሁኖ ነው። ገበጣ ስትቀመጥ በየጉድጓዱ ያለው ጠጠር ለአንተም ለእኔም ያው ነው። ሰንጠረዥም እንዲሁ። ሰንጠረዥ የማያውቅ ሰው ካለ፣ መክፈቻዋን "ወረራ" ይሏታል፤ ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ በዓይኑ እየሰረቀ፣ የመጀመሪያው እስኪበላ ድረስ እንደ ልባቸው ይገፋሉ። ይሄ ጌም በዚህ በዚህ ሰንጠረዥን ይመስላል፤ ተራ የሚባል ነገር የለም። ነገር ግን በሰንጠረዥ ወረራ መደቁም ፈረሱም በሁለቱም ወገን እኩል ነው። እዚህ ወራሪው አውሮፕላን፣ ታንክና መርከብ ይዞ ተቀምጦ፣ ለእኔ የተሰጠኝ ተራራ ነው። ተራራ ደግሞ ለእኔ ብቻ የተሰጠኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሱም ይዞራታል። እደርስበታለሁ።

ስትጀምረው ቀኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 1936 ይላል። ሌላው አገር በዚያ ቀን በሰላም ውሎ ያድራል። ጀርመን መንገድ ትሠራለች፣ እንግሊዝ ሻይዋን ታፈላለች፣ አሜሪካ ከነጭራሹ ተኝታለች። እኛ ብቻ ስክሪኑ ሳይበራ ጦርነት ውስጥ ነን። በእኛ ስቆጥረው ታኅሣሥ 22 ቀን 1928 ነው። ጣልያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን ነበር። ማይጨው ላይ ያለቅነው መጋቢት 22 ቀን ነው። ልጁ አሁንም "አጋጣሚ" ይላል። ለገና 6 ቀን ሲቀረው፣ አገሩ የነቢያትን ጾም ይዞ፣ ወታደሩ በሶና ቆሎ አንግቶ፣ "ጨዋታ ጀምር" ይልሃል። በሆዱ ከበሶና ከቆሎ በቀር ምንም የሌለው ሠራዊት!

ከዚያ ፋብሪካውን ልይ ብለህ ትከፍታለህ። ቁጥሩን አልናገርም፤ የራሴን ገመና ለምን አወጣለሁ። ብረት ከውጭ ልግዛ ብትል የሚከፈለው በፋብሪካ ነው፤ ለ8 ብረት አንድ የሲቪል ፋብሪካ ለሻጩ ተገዥ ይሆናል። ፋብሪካ ለመሥራት ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ ብረት ለማግኘት ፋብሪካ ይሄዳል፤ የቀረው ፋብሪካ ጠመንጃ ይሥራ ወይስ ፋብሪካ ይሥራ? የደሃ ቤት ሒሳብ ነው፤ እኔ ከጡረታ ደሞዜ ጋር ስታገለው የኖርኩት። ልጁ ግን "አባባ፣ ረጅም ጊዜ ያስቡ" ይለኛል። ባዶሊዮ ተምቤን ላይ ቆሞ እኔ ረጅም ጊዜ ላስብ!

የአገር ውጥን የሚሉት ሌላ ጣጣ አለ። ጦሩን አሻሽላለሁ፣ መኳንንቱን አስማማለሁ፣ አርበኛ አዘጋጃለሁ ብለህ ትመርጣለህ። ጥሩ። ብዙውን ጊዜ አንዱ ውጥን ለመፈጸም 70 ቀን ይወስዳል። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ጣቴን አጥፌ ቆጠርኩ። ከታኅሣሥ 22 ተነስተህ 70 ቀን ስትሄድ መጋቢት 2 ትደርሳለህ። በእውነተኛው ታሪክ መጋቢት 2 ላይ ምን ቀርቶን ነበር? አምባ አራዶም ወድቋል፤ ሁለተኛው ተምቤን አልቋል፤ ሽሬም አብቅቷል። ሦስቱም የካቲት ሳይወጣ ነው ያለቁት። ጀርመን 70 ቀን ብትጠብቅ አውራ ጎዳና ይወጣላታል። እኔ 70 ቀን ስጠብቅ ሦስት ግንባር ይሄድብኛል፤ ከዚያ በኋላ ደወል ይደወልና "ውጥንዎ ተፈጽሟል" ይለኛል። እንኳን ደስ ያለህ እንዲሉኝ ይሆን?

ስለ ጠመንጃውም ላንሳ። ከላይ ጥግ ላይ አንድ ምልክት አለ፤ መሣሪያ ጎደለ እያለ የሚነዘንዝ። አውቃለሁ! አባቴ በ19 ዓመቱ ማይጨው ሲዘምት የያዘው ውጅግራ ነበር፤ አጠገቡ ያለው ምንሽር፣ ከዚያ ወዲያ ያለው አልቤን፣ አንዳንዱ ደግሞ ጎራዴ ብቻ። ጥይት ሲያልቅበት ከጎረቤቱ ቢበደር አይገባለትም። ኪሱ ሙሉ ጥይት ይዞ ባዶ እጁን የቆመ ሰው አይቻለሁ ይል ነበር። ጌሙ ውስጥ ሁሉም "የእግረኛ መሣሪያ" ተብሎ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል። ይህ እንኳ ለእኔ ውለታ ነው፤ ቢዘረዝሩት ኖሮ ይበልጥ አፍር ነበር። በዚያ ዓመት ጠመንጃ ከሸጡልን አንዷ ማን እንደነበረች ለልጁ ነግሬው አፉን ከፍቶ ቀረ፤ የሂትለር ጀርመን! እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሰላም ሲሉ እጃቸውን ሲሰበስቡ፣ ያ ሰውዬ ከሙሶሊኒ ጋር ገና አልተዋደደም ነበርና ሸጠልን። ልጁ "ታዲያ ጀርመንን መያዜ ትክክል ነው" አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ታሪክ ለልጅ በግማሽ አይነገርም።

ጌሙን የሠሩት ስዊድኖች ናቸው፤ ስቶክሆልም ተቀምጠው። በእነሱ ላይ ቂም የለኝም፤ ኧረ እንዲያውም ዘመድ ናቸው። ከወረራው ጥቂት ቀደም ብሎ ሆለታ ላይ ጦር ትምህርት ቤት ከፍተው ልጆቻችንን ያሠለጠኑት በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ነበሩ፤ ከእነዚያ ልጆች ነው በኋላ ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ማኅበር የወጣው። ዶክተር ሂላንደር የሚመራው የስዊድን ቀይ መስቀል ደግሞ መልካ ዲዳ ላይ ድንኳኑን ተክሎ ቁስለኛ ሲያክም የግራዚያኒ አውሮፕላኖች ደበደቡት፤ ታኅሣሥ 20 ቀን 1928። ጌሙ ከሚጀምርበት ሁለት ቀን አስቀድሞ መሆኑ ነው! ልጆቻቸው ታሪኩን ከሁለት ቀን በኋላ ጀመሩት፤ አልፈርድባቸውም፤ የራሱን ሐዘን ማን ዳግመኛ ሊጫወተው ይወዳል? ከእኔ በቀር ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ተራራዬ ልመለስ። ተራራ ላይ ያለን ሠራዊት የሚያጠቃ ይጎዳል፤ ይህ የጌሙ ሕግ ነው። ምሽግም ይቆፍራል፤ በቆየ ቁጥር ይጠነክራል። ይህን ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም። ያስተማርኩት ነገር ነው! ስንቱን ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ አምባ አላጌን ስሥል፣ ተምቤንን ስሥል የኖርኩ ሰው፤ አምባ ላይ ተቀምጬ ጣልያንን ወደ ታች አየዋለሁ። ሠራዊቴን ከአምባ አራዶም እስከ አላጌ ደረደርኩ። ጥብቅ ብለው ቆፈሩ። ውጊያው ሲጀመር ካርታው ላይ አረንጓዴ ክብ ወጣ፤ አረንጓዴ ማለት እያሸነፍክ ነው። ልጄን ጠራኋት። "ነይ እዪ፣ አባትሽ መቀሌን ሊይዝ ነው!" ቡና ይዛ መጣች።

ስትደርስ ክቡ ቀይ ሆኗል።

ጣልያን ተራራውን ትቶ ዞሮታል። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። ከተራራው ጀርባ ተገናኙ፤ ስንቅ ተቋረጠ፤ ሠራዊቴ አምባው ላይ እንደ ሐውልት ቆሞ ቀረ። ልጁ ከኋላዬ ይጮሃል። "አባባ፣ ያፈግፍጉ! ጌሙ ላይ ሠራዊት በቀላሉ አይሞትም፤ ቢሸነፍ ወደ ኋላ ሄዶ ይድናል። የሚያልቀው ሲከበብ ነው። ያፈግፍጉ!"

"እኔ ከአምባ አልወርድም!"

"አባባ፣ እባክዎ..."

"አልወርድም አልኩህ!"

ሠራዊቱ አለቀ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳስበው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አምባ አራዶም ላይ ራስ ሙሉጌታ እንዲሁ ተራራውን አምነው ጠበቁ፤ ባዶሊዮ በሁለት ክንድ ዞሮ አንታሎ ላይ ሊዘጋባቸው መጣ። ራስ ሙሉጌታ ሲያፈገፍጉ መንገድ ላይ ወደቁ። እኔ ይህን ስንት ዓመት ተማሪ ፈተና ላይ እየጠየቅሁ፣ ያልመለሰውን "ዜሮ" እየሰጠሁ ኖሬያለሁ። አሁን ራሴን ዜሮ ሰጠሁት።

እዚህ ላይ ልጁ ልክ ነው፤ ለራሱ ግን አልነግረውም። ደካማ ሲሆኑ የሚያዋጣው መበታተን፣ ማፈግፈግ፣ ጠላት መንገዱ ሲረዝም ጅራቱን መቁረጥ ነው። አርበኞቹ በኋላ አምስት ዓመት ያደረጉት ይህንኑ ነው። አባቴም ከማይጨው ተርፎ ጫካ ገብቶ ነው የኖረው። ነገር ግን ካርታው ላይ "አፈግፍግ" ብዬ ጠቅ ሳደርግ ወታደሩ የሚተወው ቁጥር ያለው ሜዳ አይደለም። መጀመሪያ ማይጨውን ይተዋል፤ የአባቴን ጀርባ የመርዝ ጋዙ ያቃጠለበትን ቦታ። ያ ጠባሳ እስኪሞት አልሻረም፤ ሸሚዝ ሲያወልቅ ዞር እንል ነበር። ቀጥሎ ደሴን ይተዋል፤ እናቴ የተወለደችበትን። በላፕቶፕ ላይ ወሎን ለቅቄ ልውጣ? ልጁ "ቁጥር ነው እኮ አባባ" ይላል። ለእሱ ቁጥር ነው።

ስለ ዲፕሎማሲው ብዙ አልልም፤ ያናድደኛል። የዓለም ውጥረት የሚባል መለኪያ አለ። እሱ ካልናረ በስተቀር እነ እንግሊዝና ፈረንሳይ እጃቸውን ለማንም አይዘረጉም፤ በ1928 ደግሞ መለኪያው ገና መሬት ነው። ማለት የእኛ መወረር ዓለምን አላስጨነቀም። ስዊድኖቹ ይህን ከየት አመጡት አልልም። ያን ጊዜም የመንግሥታት ማኅበር ጣልያን ላይ ማዕቀብ ጥሎ ነዳጁን ግን ተወለት፤ ስዊዝ ካናልንም አልዘጉበትም፤ መርከቡ እየከፈለ ያልፍ ነበር። ታንኩን ያለ ነዳጅ ይገፋው መስሏቸው ይሆናል። ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ሰዎች የጣልያንን ታንክ በእጃቸው ሲገለብጡ አይተው፣ ሐበሻ ነዳጅ ቢኖርም ባይኖርም አይቸግረውም ብለውም ይሆናል።

አሁን ወደ ክህደቱ ልምጣ። ባለፈው ዐርብ ከዕድር ስብሰባ ስመለስ ልጁ ተጫውቷል። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ክብ በየቦታው። ደስ አለኝ። "ጎበዝ! መቀሌን ያዝክ?" አልኩት። ዝም። "አድዋንስ?" ዝም። ጠጋ ብዬ ሳይ አረንጓዴው የእኛ አይደለም። ልጁ ጣልያንን ይዟል! የእኔ የልጅ ልጅ፣ የማይጨው ዘማች የልጅ ልጅ ልጅ፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ የቅድመ አያቱ ፎቶ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር፣ ወደ አዲስ አበባ እየገሰገሰ! "ባንዳ!" አልኩ። ጎረቤት ሰማ። ልጁ "አባባ፣ የሚያጠቁበትን መንገድ ላጠናልዎ ብዬ ነው" አለኝ። እንዲህ ያለ ምክንያት ከአምስቱ ዓመት በኋላ ስንቱ ባንዳ አቅርቧል።

ዕለቱ ዐርብ ነውና ልጄ የጾም ምሳ አቀረበች። ክዳኑን ከፈትኩት። መኮረኒ በአትክልት። ለካ ጠላት በሁለት ግንባር ነው የመጣው። አልበላም ብዬ ተነሣሁ፤ ማታ ርቦኝ ሲተኙ ጠብቄ በላሁት። ቀዝቅዞም ጥሩ ነበር፤ ይህን ለማንም እንዳትነግሩብኝ።

ከተሸነፍክም በኋላ ጌሙ አይለቅህም። መንግሥትህን ይዘህ ስደት ልትወጣ ትችላለህ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ማጽናናቱ ነበር። እኔ ግን ትዝ ያለኝ የ1928 ሚያዝያ ምክር ነው፤ ንጉሡ ይውጡ ወይስ ይዋጉ ሲባል፣ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት አይውጡ ካሉት አንዱ ነበሩ። ንጉሡ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጂቡቲ ሄዱ፤ ከዚያ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያ እንግሊዝ አገር ባዝ የምትባል ብርዳም ከተማ። ጄኔቫ ላይ ያሰሙትን አቤቱታ ዓለም ዛሬም ያነሣዋል፤ ያኔ ግን የሰማቸው አልነበረም። ስደት ወጥተው ባይሆን ኖሮ በ1933 የሚመለስ ንጉሥ አይኖርም ነበር ይላሉ አንዳንዶች፤ ብላታ ታከለ ደግሞ ይህን እስከ መጨረሻው አልተቀበሉም። እኔ በዚህ ጉዳይ አቋም ነበረኝ፤ ጉርምስናዬን ሙሉ ከብላታ ጋር ነበርኩ። አሁን ጌሙ "ስደት ይወጣሉ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ጣቴ ማውሱ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰው በሌላው ላይ ለመፍረድ ጠመኔ ይበቃዋል። ማውስ ሲይዝ ነው ጉዱ።

ልጁ በፍጥነት ቁጥር 5 ይጫወታል፤ ዓመቱ እንደ ክረምት ጎርፍ ያልፋል። እኔ በ1 ነው፤ ሰዓት በሰዓት። ስጨነቅ ደግሞ ስፔሱን እጫናለሁ፤ ዓለም ሁሉ ቀጥ ይላል። ጣልያንም ይቆማል፣ ቦምቡም አየር ላይ ይቆማል፤ ቡናዬን እጠጣለሁ፤ እጸልያለሁ። ልጁ ይስቃል። አባቴ ማይጨው ላይ እንዲህ ያለ ቁልፍ ቢኖረው ኖሮ ጣቱን ባላነሣ ነበር።

መብራት ደግሞ የሚሄደው ሁልጊዜ ልክ ሳሸንፍ ነው። ጨዋታው ሳይቀመጥ ይጠፋል፤ ጀምር ከታኅሣሥ 22። ጣልያን ጀኔሬተር አለው መሰለኝ።

ለማንኛውም ትናንት 14ኛውን ጨረስኩ። በዚህኛው ጥርሴን ነክሼ፣ ልጁ ሲተኛ፣ ማንም ሳያየኝ አፈገፈግሁ። አምባ አራዶምን ለቀቅሁ፤ አላጌን ለቀቅሁ፤ ማይጨው ስደርስ ስፔሱን ተጭኜ ትንሽ ቆየሁና ለቀቅሁ። ደሴንም። ስንቅ አንድ ጊዜም አልተቋረጠብኝም። ከበባ ውስጥ የገባ ሠራዊት የለኝም። በእውነተኛው ታሪክ ከታኅሣሥ 22 ጀምሮ አዲስ አበባ እስክትያዝ 125 ቀን ነበር፤ ባዶሊዮ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። ጠዋት ልጁን ቀስቅሼ አሳየሁት። ዓይኑን እያሻሸ ቀኑን አነበበ።

ሚያዝያ 29 ነው የገባው።